«ወሎ ሄጄ ሕፃናትን ላገልግል ወይ?»

ደብዳቤው ረዘም ያለ ነው፤ ዋና ዋናውን ላቅርበው።

«ደሴ ተወልጄ በ11 ዓመቴ ከእናቴ ጋር ጀርመን መጣሁ። አሁን 23 ዓመቴ ነው፤ ፍራንክፈርት የነርስነት ትምህርቴን ልጨርስ ነው። ሐምሌ ላይ ከሁለት ጀርመናውያን ጓደኞቼ ጋር ወሎ ሄደን ለሦስት ሳምንት ሕፃናትን በበጎ ፈቃድ ማገልገል አስበናል። አንድ አስጓዥ ድርጅት በነፍስ ወከፍ 1,800 ዩሮ ከከፈልን የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ያስገባናል። እናቴ ደግሞ ‹አያትሽ ሐይቅ ከተማ አጠገብ እያሉ ምን ማሳደጊያ ያስኬድሻል? እዚያው ቀበሌ ትምህርት ቤት አለ› ትላለች። ጓደኞቼ አማርኛ አይችሉም። እንግሊዝኛ ማስተማር፣ ከልጆቹ ጋር መጫወት፣ ፎቶ እያነሳን በኢንስታግራም ገንዘብ ማሰባሰብ ነው ዕቅዳችን። ምን ይመክሩኛል? ምንስ ይዘን እንሂድ?»
የሐይቋ ልጅ፣ ከፍራንክፈርት

የሐይቋ ልጅ፣ በመጀመሪያ ለደግ ልብሽ ምስጋና ይገባሻል። በ11 ዓመቷ ከአገር የወጣች ልጅ የዕረፍት ጊዜዋን ሌላ ቦታ ማሳለፍ እየቻለች ወሎን ማሰቧ ቀላል ነገር አይደለም። መልሴ ውስጥ ጠንከር ያለ ቃል ብታገኚ ሐሳብሽን ለማጣጣል እንዳይመስልሽ።

ማሳደጊያውን ተዪው። አያትሽ ዘንድ ሂጂ። ግን ሐምሌ ላይ አይሁን፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ብቻሽን ብትሄጂ ይሻላል። እዚያ ስትደርሺ ደግሞ ጊዜሽን ከልጆቹ ይልቅ አንቺ ስትመለሺ ከልጆቹ ጋር ለሚቀሩት ትልልቅ ሰዎች ስጪ። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ላስረዳሽ።

ከማሳደጊያው ልጀምር። በዓለም ዙሪያ በሕፃናት ማሳደጊያ ከሚኖሩ ልጆች የአብዛኞቹ እናት ወይም አባት በሕይወት አለ። ልጁን ከቤቱ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ድህነት ነው። «ደብተሩንም፣ ምሳውንም፣ ዩኒፎርሙንም እንችላለን» ሲባል የትኛዋ ድሃ እናት ዝም ብላ ታልፋለች? ለልጄ ይሻለዋል ብላ ትሰጣለች። ከዚያ በኋላ ልጁ «ወላጅ አልባ» ተብሎ ይመዘገብና ጎብኚ ይመጣለታል።

የገንዘቡ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። እንግዳው 1,800 ዩሮ የሚከፍለው ግቢው ውስጥ ሕፃን ስላለ ከሆነ፣ ሕፃኑ ወደ እናቱ የተመለሰ ዕለት ገቢው ይቋረጣል። እንግዲህ ማን ቸኩሎ ይመልሰዋል? ሁሉም ማሳደጊያ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ችግሩ ግን ሰፊ በመሆኑ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ስለ ሕፃናት መብት ባሳለፈው ውሳኔ ውስጥ ስሙን ጠርቶ አስገብቶታል። በማሳደጊያዎች የሚደረግ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ በተለይ ከቱሪዝም ጋር ሲያያዝ፣ ሕፃናትን ለዝውውርና ለብዝበዛ ሊያጋልጥ እንደሚችል ገልጾ አገሮች ጉዳቱን እንዲከላከሉ ጠይቋል።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የልጆቹ ልብ ነው። ግቢው ስትገቢ አይተውሽ የማያውቁ ሕፃናት ሮጠው ይጠመጠሙብሻል። አንዷ እጅሽን ትይዛለች፤ አንዱ ጭንሽ ላይ ይወጣል። ልብ ያቀልጣል። ነገር ግን በእናቱ ጉያ ያደገ የሦስት ዓመት የወሎ ልጅ እንግዳ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አስታውሺ። የእናቱን ቀሚስ ጨምድዶ ይዞ ከኋላዋ ይደበቃል፤ በአንድ ዓይኑ ብቻ ያይሻል። ስሙን ብትጠይቂው አይመልስልሽም። ጤነኛው እሱ ነው። ያገኘው ሰው ሁሉ ላይ የሚጠመጠም ሕፃን ብዙ ጊዜ የእኔ የሚለው ሰው ያጣ ሕፃን ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሩማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት የተካሄደ የታወቀ ጥናት ማሳደጊያ ውስጥ የቀሩ ሕፃናትን ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ከገቡት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮም በስሜትም ተሽለው ተገኙ። በጨቅላነታቸው የገቡት ደግሞ ይበልጥ ተጠቀሙ። እንግዲህ የአንቺን ሦስት ሳምንት አስቢው። ትለምጃቸዋለሽ፣ ይለምዱሻል፣ ትሄጃለሽ። በሳምንቱ ሌላ ቡድን ይመጣል፤ እሱም ይሄዳል። እነዚህ ልጆች የሚያቅፋቸው ሰው ሞልቷል። ያጡት የማይሄድ ሰው ነው።

ወሎ ይህን ነገር ከሌላው ቦታ ቀድሞ ያውቀዋል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ እዚያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ተከፍተው ነበር። ጊዜው ጨለማ ስለነበር ሕይወት አትርፈዋል። ኋላ ግን አንዳንዶቹ ራሳቸው ልጆችን ወደ ዘመድ መመለስና ቤተሰብን መደገፍ ይሻላል ብለው መንገድ ቀይረዋል። አገሪቱም በ2010 ዓ.ም. ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ በሕግ ስትከለክል፣ ልጅ በአገሩ፣ በዘመዱ፣ በባህሉ ውስጥ ይደግ የሚል አቋም ይዛ ነው። ደግሞም የእኛ ሰው አባቱ የሞተበትን ልጅ ሜዳ ላይ አይጥልም። አጎት ይወስደዋል፤ አክስት ትወስደዋለች። አያት ግን ከሁሉም ትቀድማለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ወላጅ ያጡ ልጆች ያሉበት ቤት ዛሬ ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለች አያት የዩኒፎርም መግዣ ማገዝ የልጁ ቤት እንዳይፈርስ መደገፍ ነው። የድርጅቱን 1,800 ዩሮ ሳስብ የሚታየኝ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቀበሌው ትምህርት ቤት እንምጣ። ሐምሌ ላይ ብትሄጂ በሩ ዝግ ነው። የጀርመን የበጋ ዕረፍት የእኛ ክረምት መሆኑን ብዙ የውጭ ነዋሪ ይረሳዋል። ትምህርት ሰኔ ላይ ያልቃል፤ የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ልጆቹ ከብት ጠባቂዎች ናቸው። አረም ላይ ከወላጆቻቸው ጋር ይውላሉ። መንገዱም ጭቃ ነው። ሐምሌ ላይ ልጅ ሰብስበሽ «ላስተምር» ብትዪ ከሥራው ነው የምታስቀሪው።

ስለዚህ ወደ ጥቅምት ገፋ አድርጊው። ዝናቡ አቁሟል፤ ምዝገባው አልቆ ትምህርቱ መስመር ይዟል። ማሽላ በሚዘራበት ቀበሌ ግን ጥቅምትም የራሱ ነገር አለው። እሸቱ ሲደርስ ልጆቹ ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ። የቀሪ ተማሪ ቁጥር ይበዛል። ርዕሰ መምህሩ የትኛው ሳምንት እንደሚሻል ያውቃሉና ቀኑን እሳቸው ይቁረጡት። የአውሮፕላን ትኬት ከዚያ በኋላ ይገዛል።

እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር አደራ አስቢበት። አንቺ ለርዕሰ መምህሩ ደውለሽ «ሦስት ሆነን መጥተን እናገልግል?» ብትያቸው «በደስታ! ቤታችሁ ነው!» ይሉሻል። የወሎ ሰው እንግዳ አይመልስም። የተቸገረ እንኳ «አይመቸንም» ብሎ አፍ አውጥቶ አይናገርም። እናንተ ስትደርሱ ግን ትምህርት ይቋረጣል። ልጆቹ ተነስተው «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» እያሉ ይዘምሩላችኋል። መምህሩ ወንበሩን ለእንግዳ ይለቅና ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። አንድ ሰው ለስላሳ ፍለጋ ወደ ከተማ ይላካል። አያትሽ ዘንድ ደግሞ ሁለት ፈረንጅ እንግዳ መጣ ማለት ዶሮ መታረድ፣ ፍራሽ ከጎረቤት መበደር፣ ቡና ሲፈላ መዋል ማለት ነው። ዕዳ ይገቡልሻል፤ ትንፍሽም አይሉሽም።

በዚህ ምክንያት ጥያቄውን አንቺ በቀጥታ አታቅርቢ። «እምቢ» ማለት በማያሳፍርበት ሰው በኩል ይሂድ። እናትሽ የሚያውቁት የሰፈር ሽማግሌ ወይም እዚያ ትምህርት ቤት ያስተማረ ዘመድ አይጠፋም። ጥያቄውም «ልምጣ ወይ?» አይሁን። «በዚህ መንፈቅ እናድርገው ብላችሁ ያልተሳካላችሁ ሥራ ምንድን ነው?» ይባልልሽ። መልሱ ሲመጣ አንቺ የምትችዪው ነገር ውስጡ ካለ ሂጂ። ከሌለም ለአያትሽ ብለሽ ሂጂ፤ እሱም በቂ ምክንያት ነው።

ስለ እንግሊዝኛው ብዙ አልልም። አማርኛ የማይችል ሰው በሦስት ሳምንት አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን አንድ መዝሙር ቢያስጠና ነው፤ ያውም አንቺ ቀኑን ሙሉ አስተርጓሚ ሆነሽ። ወሎ ለበጎ ፈቃድ መምህር እንግዳ አይደለም። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ የመጡት አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን ደሴ ድረስ ዘልቀው አስተምረዋል። ነገር ግን ሠልጥነው መጥተው፣ መደበኛ ክፍል ተረክበው፣ ፈተና አውጥተውና አርመው ሁለት ዓመት ነበር የሚቆዩት። ከዚያም በኋላ የራሳችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአገልግሎት አንድ አንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር ይላኩ ነበር። ደሴ ያሉ አዛውንት ያስተማሯቸውን ዛሬም በስም የሚያነሱት ስለቆዩ ነው።

አንቺ ግን ሌላ ሀብት አለሽ። ነርስ ልትሆኚ ነው፤ አማርኛም ትችያለሽ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ ይተላለፋል። ሳይታከም ሲደጋገም ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን እየፋቀ ያሳውራል። መድኃኒቱ በዘመቻ ይሰጣል። በየቀኑ ፊትን መታጠብ ግን የመምህርና የእናት ሥራ ነው። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት መንደር «ፊታችሁን ታጠቡ» ብሎ ማዘዝ ብቻ አይበቃም። በትንሽ ኩባያ ውኃ የልጅ ፊት እንዴት በደንብ እንደሚጠዳ አሳዪ። በቢጫው ጀሪካን ቀዳዳ አበጅቶ በእግር እየረገጡ ውኃ የሚያንቆረቁር መታጠቢያ መሥራት ይቻላል። እንጨት፣ ገመድና ጀሪካን ነው፤ ሌላ ነገር አይፈልግም። ከመምህሩና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አንዱን ብትሠሩ ሁለተኛውን እነሱ ይሠሩታል።

ሌላም አለ። ሰሌዳው የማይታያት ተማሪ ኋላ ወንበር ተቀምጣ «ሰነፍ» ተብላ ትቀራለች። ወደተለያየ አቅጣጫ የዞሩ «ኢ» ፊደሎች ያሉበትን የዓይን መመርመሪያ ገበታ ለመምህራን ብታስተምሪያቸው፣ በየመስከረሙ ልጆቹን ራሳቸው ያጣራሉ። ሲደማ፣ ሲቃጠል፣ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የመጀመሪያ ዕርዳታ አሳዪያቸው። ከከፍተኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ጋር ደግሞ ከሴት መምህር ጋር ሆነሽ ስለ ወር አበባ ተወያዪ። ስንቷ ልጅ ሞዴስ በማጣት ብቻ በየወሩ ቀናት ከትምህርት እንደምትቀር አንቺም የምታውቂው ይመስለኛል።

አንድ ጠንካራ ማሳሰቢያ። «ከጀርመን ነርስ መጥታለች» የተባለ ዕለት የአያትሽ ደጅ ላይ ሰው ይሰለፋል። ትኩሳት የያዘው ሕፃን የታቀፈች እናት ትመጣለች፤ እግሩ ያበጠ ሽማግሌ ይመጣል። መርፌ አትውጊ፤ መድኃኒት አትስጪ፤ በሻንጣሽም አንቲባዮቲክ አትያዢ። እዚያ የምትሠሪበት ፈቃድ የለሽም፤ ብትሳሳቺ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ሁሉንም ወደ ጤና ኬላው ወይም ወደ ጤና ጣቢያው ምሪ። አቅም የሌላቸውን የመጓጓዣ ብትረጂ ትልቅ ዕርዳታ ነው። ጤና ኬላው ላይ ያለችውን ሠራተኛ በሰው ፊት አክብሪያት። አንቺ ስትሄጂ ሰው ሊያምን የሚገባው እሷን ነው።

ከልጆች ጋር ስትሆኚ ብቻሽን አትሁኚ፤ ሁልጊዜ መምህር ይኑር። ከጀርመን የወንጀል ነፃ ማስረጃሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ማንም ባይጠይቅሽ እንኳ ለርዕሰ መምህሩ ስጪያቸው። ፍራንክፈርት ውስጥ ልጅ ለመያዝ የሚጠየቅ ወረቀት ሐይቅ ላይ የማይጠየቅበት ምክንያት የለም። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም በደብዳቤ ይወቀው። የጀርመን ዜግነት ወስደሽ ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ማውጣት ትችያለሽ። ለጓደኞችሽ ግን የቱሪስት ቪዛ ለጉብኝት እንጂ ለአገልግሎት አይደለም።

ስለ ጸጥታውም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት አለ። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚያወጣውን የጉዞ ማስጠንቀቂያ አንብቢ፤ ኢንሹራንስሽ እዚያ ይሠራ እንደሆነም በጽሑፍ ጠይቂ። ከሁሉም በላይ የአካባቢውን ሰው ስሚ። ዘመዶችሽ «ቆይ ትንሽ» ካሉሽ ቆዪ። ፈረንጅ ይዞ መግባት እነሱንም ዓይን ውስጥ ይከታል። ብቻሽን ሂጂ ያልኩሽ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጓደኞችሽ ሰላም ሲሆን ላሊበላን አይተው፣ አያትሽ ዘንድ ቡና ጠጥተው ይመለሱ፤ በእንግድነት። ይህም ቁም ነገር ነው።

ፎቶውን በተመለከተ ከልቤ ልንገርሽ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የወሎ ሕፃን ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ኮረም ላይ የተነሳው ምስል ብዙ እህል አምጥቷል፤ ሰው አትርፏል፤ ይህን አልክድም። ግን እነዚያ ልጆች ስማቸውን ማንም አልጠየቃቸውም። አጥንታቸው የወጣበት፣ ዝንብ የወረራቸው ምስል ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ውጭ አገር ለሚኖር ወሎዬ «ከወሎ ነኝ» ሲል ሰው ፊት ላይ የሚያነበው ያንን ፎቶ ነው። አንቺም ሳይገጥምሽ አልቀረም። እንግዲህ ንፍጡ የወረደ፣ እግሩ ባዶ የሆነ ልጅ ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ለጥፈሽ ገንዘብ ስትጠይቂ፣ እሱ ልጅ በ23 ዓመቱ ስልክ ከፍቶ ራሱን እንደሚያገኘው አስቢ። ገንዘብ ማሰባሰብ ከፈለግሽ የተሠራውን መታጠቢያ አንሺ፤ መምህሩ ፈቅደው ስለ ሥራቸው ሲናገሩ ቅጂ። ልጅ ከታየ ወላጁ አውቆ፣ ምስሉንም አይቶ «እሺ» ያለበት ይሁን። የትምህርት ቤቱና የልጁ ስም ከፎቶው ጋር አብሮ አይውጣ።

ምን ልያዝ ላልሽው፣ ከጀርመን ምንም አትሸከሚ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ሳሙና፣ ጀሪካን፣ ሞዴስ፣ ሁሉም ደሴና ሐይቅ ላይ ይሸጣል፤ የነጋዴውም ልጅ ይበላበታል። ለልጅ በእጁ ከረሜላም ብርም አትስጪ። ቱሪስት በሚያዘወትረው መንገድ ላይ ልጆች መኪና ባዩ ቁጥር «ሃይላንድ! ፔን!» እያሉ ሲሮጡ አይተሽ ይሆናል። ያንን ያስለመድናቸው እኛ ነን። የገዛሽውን ለትምህርት ቤቱ አስረክቢ። በሞዴል 19፣ በንብረት መቀበያ ደረሰኙ፣ ገቢ ይደረግ፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ሰዎች ባሉበት ይቆጠር። ማን ይውሰድ የሚለውን እነሱ ይወስኑ፤ የትኛው ቤት ምን እንደጎደለ ያውቃሉ። ለአያትሽ ግን የፈለግሽውን ያህል ይዘሽ ግቢ።